የቀጠልኩት የፍሬን ሽቦ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ከባለቤቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ስንኖር አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። እናንተ አታውቁኝም፤ ፊቴንም አታዩትም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። እኔ ሰው ገድያለሁ። ከገደልኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው በእኔ ፈንታ ገዳይ ተብሎ እንዲኖር አድርጌያለሁ። የትኛው ይብሳል? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ እናንተም ስሙኝና ፍረዱ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ነገሌ ቦረና። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር፣ እናቴ የቦረና ልጅ ነበረች፤ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ቋንቋ ነው። ሙያዬን ከጦር ሰፈሩ ጋራዥ ቀስሜ ከገበያው በታች የራሴን ጥገና ቤት ከፈትኩ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። "ለዚህ ልጅ እጅ የማይገዛ ብረት የለም" ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኩት።

አቶ ወርቅነህ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበሩ። ከጣሊያን የቀረች አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበረቻቸው። የመድኃኒት ሣጥናቸውን ከኋላ አስረው እስከ ዳዋ ወንዝ ድረስ በየመንደሩ ይዞሩባታል። በወጣትነታቸው ጥይት ያገኘው ቀኝ ጉልበታቸው ግን እያደር ደርቆ አልታጠፍ አለ። አንድ ቀን ሞተሯን እየገፉ፣ እያነከሱ መጡ።

"ልጄ፣ ጉልበቴ ጡረታ ወጣ፤ እኔ ግን ገና ነኝ" አሉኝ። "እግሬን ዘርግቼ የምነዳት አድርግልኝ።"

"ለእኔ ይተዉት" አልኳቸው።

ሁለት ሳምንት ሠራሁ። እንዲህ በደስታ የሠራሁት ሥራ በሕይወቴ የለም። ጎንበስ እንዳይሉ መሪዋን ቆርጬ፣ ቧንቧ ቀጥዬ ወደ ደረታቸው አመጣሁት። መቀመጫዋን ከጭነት መኪና ወንበር በወሰድኩት ሞላ ሠርቼ ቆዳ አለበስኩት። የእግር ማሳረፊያውን ወደፊት ገፋሁት። ክላክሱን አውራ ጣታቸው ሥር አደረግኩት። ቀርቶ የነበረው ፍሬኑ ነው። የእግር ፍሬኑን በደረቀ እግር መርገጥ አይችሉም። የፊቱ ፍሬን ደግሞ ካለቀ ዓመታት አልፈውታል። ስለዚህ በእጅ የሚጨበጠውን ማንሻ ከኋላው ጎማ ጋር ላገናኘው አሰብኩ። አንድ እጅ፣ አንድ ማንሻ፣ አንድ ፍሬን።

ለዚህ ረጅም ሽቦ ያስፈልግ ነበር። ነገሌ ውስጥ የለም። ከአዲስ አበባ በሹፌር ማስመጣት ይቻል ነበር፤ አንድ ወር ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ሁለት አጫጭር ሽቦዎች ወስጄ፣ ጫፍ ለጫፍ በናስ ቱቦ ውስጥ አግብቼ በእርሳስ በየድኳቸው። ሜዳ ላይ ሞከርኳት፤ ያዘች። ደግሜ ሞከርኳት፤ ያዘች። በሦስተኛው ጎንበስ ብዬ ሳይ ሽቦው ከቱቦው የሚስማር ራስ ያህል ወጥቷል። አየሁት። በዚህ ዓይኔ አየሁት። ነገ አድሰዋለሁ ብዬ ጨርቅ ጠመጠምኩበት።

በማግስቱ አቶ ወርቅነህ ማልደው መጡ። ዳዋ አጠገብ ካለ መንደር ኩፍኝ ገባ የሚል መልእክት ደርሷቸው ኖሯል። ሞተሯ ላይ ወጡ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ፊታቸው በራ።

"ቤቴ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ!" አሉ። መንገደኛው ቆሞ ያይ ነበር። አንዱ አጨበጨበ። ሌላው ትከሻዬን መታ። "አንድ ቀን ይታገሱኝ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ለምን ዋጥኩት? ቸኩለው ነው እንዳልል፣ ቢነገራቸው የሚሰሙ ሰው ነበሩ። የዋጥኩት ሰው ፊት "አልጨረስኩም" ማለት ስላፈርኩ ነው። ለዚያች እፍረት ሰው ሸጥኩ።

"በሰላም ይግቡ" አልኳቸው።

ቀትር ላይ ሁለት ፖሊሶች በላንድሮቨር መጡና "ስለ ሞተር ታውቃለህና ተነሣ" አሉኝ። ወደ ዳዋ የሚወርደው ትልቁ ቁልቁለት ግርጌ ስንደርስ አንዲት ላም መንገዱ ላይ ሞታለች። ሞተሯ ከኩይሳ ጋር ተላትማ ተጋድማለች። አቶ ወርቅነህ ጥቂት አለፍ ብለው በጎናቸው ተኝተዋል። ማንሻው ከመሪው ተነቅሎ በጭብጣቸው ውስጥ ነበር። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም፤ የኋላው ጎማ ግን ቀስ እያለ ይዞር ነበር። ከሞቱ ስንት ሰዓት ሆኗቸዋል። ማን ነው የሚያዞረው?

ፖሊሶቹ ሬሳውን ሲያነሡ እኔ ጎማው አጠገብ ተንበረከክሁ። ሽቦው ከቱቦው ሙልጭ ብሎ ወጥቷል። ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ያኔ ሌባ ሆንኩ፤ እውነትን ሰረቅሁ።

የከብቶቹ ባለቤት ኦቦ ጃተኒ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጥለው አልሸሹም፤ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሬሳውን ከአሞራ ሲጠብቁ ነበር ያገኘናቸው። ከብት መንገድ ላይ ለቀህ ሰው አስገደልክ ተብለው ተከሰሱ። ፍርድ ቤት ቆመው ያዩትን ተናገሩ፦

"ሐርካ ኢሳ ኢላላ ዱፌ።"

ከአስተርጓሚው በፊት እኔ ገባኝ።  አስተርጓሚው ተረጎመ፤ "'እጁን እያየ መጣ' ይላሉ። 'መንገዱን አላየም፣ ላሞቹን አላየም፣ እኔን አላየም፤ እጁን ጨበጥ ፈታ፣ ጨበጥ ፈታ እያደረገ እሱኑ ብቻ እያየ መጣ' ይላሉ።"

በችሎቱ የነበረ ሰው ተሳሳቀ። ዳኛው ለምስክርነት ወደተጠራሁት ወደ እኔ ዞሩ፤ "አንተ ባለሙያ ነህ፤ ይህ ምን ማለት ነው?"

ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። "አላውቅም፤ ሞተሯ ደህና ነበረች" አልኩ። ኦቦ ጃተኒ ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው።

ሞተሯን የሟች ሚስት "አንተው ጋ ትቀመጥ፣ አላያትም" ብላ ላከችልኝ። ማንሻውን መልሼ ገጠምኩት፤ ሽቦ አላሰርኩበትም። ከዚያ ወዲህ ነው ቀትር የከበደኝ። ነገሌ ቀትር ላይ ጭር ይላል፤ ፍየል እንኳ ግድግዳ ተጠግታ ትተኛለች። በዚያ ጭርታ ውስጥ የሞተር ድምፅ ከዳዋ በኩል ሲመጣ እሰማለሁ። እየቀረበ ይመጣና ደጃፌ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ወጥቼ አያለሁ፤ አቧራ የለም። ተመልሼ ስገባ ማንሻው ተጨብጧል። ሰው እንደጨበጠው ከመሪው ጋር ተጣብቋል። አላቅቀዋለሁ፤ በማግስቱ ቀትር ተጨብጦ አገኘዋለሁ። ብረት በሙቀት ይላወሳል አልኩ። ለራሴ ብዙ ነገር አልኩ። በመጨረሻ ሞተሯን ፈታትቼ ከጓሮ ቀበርኳት፤ ድምፁ ግን አልተቀበረም።

ኦቦ ጃተኒ ከእስር ሲፈቱ በቀጥታ የመጡት ወደ እኔ ነው። ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። እስር ላይ ሳሉ ከብቶቻቸው በድርቅ አልቀዋል። "አካም፣ ናጋ?" — ደህና ነህ፣ ሰላም ነው? — ብለው ግድግዳዬን ተደግፈው ተቀመጡ።

"አንተ ብረት ታውቃለህ" አሉኝ በኦሮምኛ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ኖርኩ። ያ ሰው እጁን እንደዚያ የሚያደርገው ለምን ነበር? እኔን እየጠራኝ ይሆን? 'ድረስልኝ' እያለኝ ቆሜ አይቼው ይሆን?"

በሬ ክፍት ነበር። ከእኛ በቀር ማንም የለም። "ፍሬኑን ነበር የሚጨብጡት፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ" ብል ሽማግሌው እፎይ ብለው ይሞቱ ነበር። እኔ ምን አልኩ?

"ሰላም ሊሉዎት ይሆናል" አልኳቸው።

 ከዚያ፣ "እንግዲያ ሰላምታውን አልመለስኩለትም" አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሹፌሮች ያወሩ ጀመር። ወደ ዳዋ በሚወርደው ቁልቁለት ግርጌ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በየቀኑ ቀትር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሞተር የሚባል ነገር በሰሙ ቁጥር ይነሡና እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጣታቸውን ጨበጥ ፈታ እያደረጉ "ናጋ! ናጋ!" ይላሉ አሉ። ሹፌሮቹ እብድ ነው ብለው ይስቃሉ፤ አንዳንዱም ይፈራቸዋል። አንድ ቀን በጭነት መኪና ወደ ዳዋ ስወርድ አየኋቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቆመው እጃቸውን አነሡ፤ ያ የማያይ ዓይን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነው። "አቁምልኝ" ልለው ወደ ሹፌሩ ዞርኩ። አላልኩም። አለፍናቸው። በዚያው ክረምት እዚያው ቦታ ሞተው ተገኙ።

የአቶ ወርቅነህ ሚስትም አረፈች፤ ባሏን ላም እንደገደለው እያመነች ነው ያረፈችው። እኔ ቀረሁ፤ ወልጄ፣ ሸብቼ፣ እጁ የተባረከ መካኒክ እየተባልኩ። ድህነት ነው አልልም፣ ልጅነት ነው አልልም፣ ፍርሃት ነውም አልልም። አራት ጊዜ ልናገር እችል ነበር፤ አራቱንም ጊዜ አፌ ጤነኛ ነበር። ይቅር በሉኝ ብዬም አልለምናችሁም፤ ይቅር የማለት መብት ያላቸው ሁሉም አፈር ገብተዋል። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ቁልቁለት የሚያልፍ ሰው የሽማግሌውን ወሬ ቢያነሣላችሁ እንዲህ በሉልኝ፦ ኦቦ ጃተኒ ማንንም አልገደሉም። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም ሰላም አላላቸውም። አቶ ወርቅነህን የገደልኩት እኔ ነኝ።