ብይልኝ

ውሻ አልበላችም ተብሎ ሰው ከሥራው ይጠራል? እኔ ተጠራሁ። ያውም ወንበሬ ላይ ያለው ሰውዬ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ውስጥ እያለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ደንበኛ ዛሬም አልቀመሰችም፤ ኧረ እባክህ ና» አለችኝ በስልክ የጋሼ ምላጭ ልጅ። ደንበኛ የውሻዋ ስም ነው። ከጋሼ ምላጭና ከእኔ በቀር ማንም እንዲያቅፋት ስለማትፈቅድ፣ ወደ ሐኪም የመሸከሙ ዕዳ የእኔ ነበር። እየተነጫነጭኩ ሰውዬውን ጨርሼ ሄድኩ።

ጋሼ ምላጭ ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ ሙያውን ያስተማረኝም እሱ ነው። ምላጭ ያሉት ለእጁ ብቻ መሰላችሁ? ምላሱስ! እኔን ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ እንኳ «ደነዙ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። ሥራ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ከጆሮው በላይ ያለው ጠርዝ እኩል ሳይሆን የወጣ ሰው ካየ፣ መንገድ ድረስ ተከትሎ «ና ተመለስ፣ ስሜን ይዘህ የት ትሄዳለህ!» ይለዋል። ሚስቱ በሞተች ሰሞን አንዲት ቡናማ ቡችላ ሱቁን ለመደች። ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች እግር ሥር እየገባች ትተኛለች። «ይቺ ደግሞ ሳትላጭ የምትመላለስ ደንበኛ ናት» አለ፤ ስሟ በዚያው ጸና። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወንበሩን ለእኔ ትቶ ቤቱ ገባ፤ ውሻዋም ተከትላው ገባች።

ልጁ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። እኩዮቿ ሲዳሩና ሲወልዱ እሷ እናቷን ስታገላብጥ ነው የኖረችው። እናትየው ሆስፒታል ተኝታ፣ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት፣ እንደዚያ እንደተሰቃየች አለፈች፤ የልጅቷም ወጣትነት ከዚያ አልጋ አጠገብ አለቀ። ይህ ጋሼ ምላጭን ሲያንገበግበው ኖሯል። ስለዚህ አንድ ደህና አናጢ መጥቶ ሲጠይቃት ከእሷ ይልቅ የፈነደቀው አባቷ ነበር። አናጢው ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘ፤ እሷም ወደዚያው ዝውውር ጠይቃ ተፈቀደላት።

«አባባን ለማን ጥዬ?» አለች መጀመሪያ።

«እኔ ምን ሆንኩ? ጎረቤት አለ፣ ደነዙ አለ። ደግሞ የምትሠሪውን ሁሉ ጥርግ አድርጌ እየበላሁ አይደል?»

እውነትም ሳህኑ ታጥቦ የተመለሰ እስኪመስል ድረስ ንጹሕ ሆኖ ነበር የሚመጣው። «እንግዲህ እንዲህ እየበላህልኝ ከሆነ እሄዳለሁ። እህል አስጠላኝ ያልክ ቀን ግን ንቅንቅ አልልም፤ ቁርጡን ዕወቀው» አለችው። በዚህ ተስማሙ።

በየሳምንቱ ቤቱ እየሄድኩ የምላጨው እኔ ነበርኩ። ጉንጩ እየሰረጎደ ምላጬ የሚያርፍበት አጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ጉንጭህን ንፋልኝ» ስለው «ምላጭ መሳል አቅቶህ በእኔ ጉንጭ ታላክካለህ፣ ደነዝ!» ይለኛል። ድምፁም ጎርነን ብሎ ነበር። እርጅና ነው አልን። ልጅቷም «ይበላል እኮ፣ ሰውነቱ ላይ ግን አይታይም» ትላለች። ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ነው የሚበላው፤ ለምን ሲባል «የጥርሴን ጉድ ለሰው አላሳይም» ብሎ በቀልድ ያልፈዋል።

ውሻዋ ደግሞ ሆዷ መሬት ሊነካ ደረሰ። ልጅቷ አርግዛለች ብላ ደነገጠች። «እኔ ሄጄ አባባ ከቡችላ ጋር ሊታገል ነው? ደጁንስ የወንድ ውሻ መንጋ ሊጨፍርበት?» አለችና፣ ከመሄዷ በፊት ማህፀኗን አስወጥታ ልታስመክናት በገመድ እየሳበች ወሰደቻት። የእንስሳት ሐኪሙ ከፍቶ ሲያይ ቡችላ የሚባል የለም፤ ስብ ብቻ ነው። «ኧረ ምንድን ነው የምታበሏት?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ይህን ስትነግረን በሳቅ ሞትን። እሷ የምትሰጣት እኮ የተረፈ ዳቦ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ውሻዋ እህል ያቆመችው። ሐኪሙ «ማደንዘዣው እስኪወጣላት ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ታገሷት። ከዚያ ካለፈ ግን አምጧት» ብሎ ነበር። አለፈ። ጭራሽ የበሩ መንኳኳት እንኳ አላስነሳት አለ።

ስደርስ ልጅቷ ለምሳ ከቢሮ መጥታ በር ላይ ጠበቀችኝ። ውሻዋ የተኛችው አባቷ ክፍል ውስጥ ነው። ልንገባ ስንል የጋሼ ምላጭ ድምፅ ተሰማ።

«ብይልኝ» ይላል። «ብይልኝ የኔ እናት። ትንሽ፣ ትንሿን ብቻ። በሞቴ፣ ብይልኝ።»

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። «አየኸው? ለውሻ እንኳ ሆዱ አይችልም» አለችኝ በሹክሹክታ፤ በሩንም ገፋ አደረገችው።

ጋሼ ምላጭ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። ደንበኛ ቁስሏን እንዳትልስ የተደረገላትን የፕላስቲክ አንገትጌ እንዳጠለቀች ጆንያ ላይ ተዘርግታ ዓይኗን ብቻ ታንከባልላለች። ፊቷ የቀረበው የእሷ ጣሳ አይደለም። የእሱ ሳህን ነው፤ ሩዙና የተፈጨው ሥጋ ልጁ እንደጨለፈችለት፣ ማንኪያ ሳይነካው። አልጋው ሥር ደግሞ ፌስታል ነበረ። የትናንቱም የትናንት ወዲያውም ምሳ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሸቷል።

ብይልኝ ሲላት በእኔ ፈንታ ብይ ማለቱ ነበር። እኔ ደነዙ ያኔ ገባኝ። ልጅቷ ከእኔ ቀድሞ ገብቷት መሬት ላይ ቁጭ ብላለች።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የምን ከመቼ? ዛሬ ትንሽ ሆዴን ነፋኝና…»

ማንኪያውን አንስታ ከሳህኑ ጨለፈች። «እንካ። ይቺን ብቻ፣ እያየሁህ ዋጣት።»

ጎረሰ። አላመጠ፣ አላመጠ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ሁሉም በአፉና በአፍንጫው ተመልሶ ደረቱ ላይ ወረደ። በእጅጌዬ ጠረግኩለት። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። «አልመጣም» አለችው አናጢውን። «አይ፣ ሠርጉም ይቅር። አባባ ታሟል።» ጋሼ ምላጭ ይህን ሲሰማ ያወጣው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ያን ሁሉ ጊዜ ጦሙን መዋሉን የደበቀው ይህ ቃል እንዳይወጣ ብሎ ነበር።

ውሻዋን ተሸክሜ ወሰድኳት። ስፌቱ መግሎ ነበር። ሐኪሙ አጠበው፣ መርፌ ወጋት፤ ውሎ አድሮ ጅራቷን እየቆላች መብላት ጀመረች። ለእሷ መድኃኒት ነበረው። ለእሱ አልነበረም። ጉሮሮው ውስጥ የበቀለው እባጭ አድጎ አድጎ መንገዱን ዘግቶታል። ሆስፒታል ቱቦ እናስገባልህ ሲሉት «እንደ ሚስቴ አታደርጉኝም!» ብሎ ከአልጋው ሊወርድ ታገለ። ወደ ቤት ውሰዱት አሉን።

ቤት ሲገባ ደግሞ አኮረፈ። ያውም ከልጁ ጋር! ውሃ በማንኪያ ስታቀርብለት ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ለምና ለምና ሲታክታት «ካልሄድሽ አልጠጣም» ይላታል። ከእኔ እጅ ይጠጣል፣ የእሷን አይነካም። «ኧረ ተው ጋሼ፣ ግፍ ነው» ስለው «ዝም በል፣ ደነዝ» አለኝ፤ ድምፁ ከትንፋሽ አይበልጥም። ጓሮ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች ገባችና ከአልጋው ትይዩ፣ በሩ ሥር አቆመችው።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ አባባ። ታርቀናል፤ እየጠበቀኝ ነው።»

አሁን? በዚህ ቀን ጥላው ልትሄድ? በልቤ ረገምኳት፤ ሰላምታም ነሳኋት። ጋሼ ምላጭ ግን ሻንጣውን አየው፣ አየው።

«ካፖርትሽን ይዘሻል? እዚያ ብርድ ነው።»

«ይዣለሁ።»

«የእናትሽንስ ፎቶ?»

«እሱንም ከልብሱ መሃል አድርጌዋለሁ።»

አፉን ከፈተላት። ማንኪያ በማንኪያ ከእጇ ጠጣ። ከዚያ ወዲያ አላኮረፈም፤ ዓይኑን ከሻንጣው ላይ ሳይነቅል ይውላል። ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ጠዋት አረፈ።

ለቀስተኛው መምጣቱ ነውና ቤቱን ማሰናዳት ጀመርን። ጋሼ ምላጭ አንሶላ ተሸፍኖ አልጋው ላይ ነው። ሻንጣው በሩን ይዞብን ስለነበር ላነሳው ጎንበስ አልኩ። ለከባድ ዕቃ ወገቤን አጥብቄ ሳበቃ፣ ሻንጣው ተስፈንጥሮ ደረቴ ድረስ መጣ። ካፖርት የለ፣ ፎቶ የለ።

«ይሄ እኮ ባዶ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ዘልላ መጥታ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ።

«ቀስ በል ወንድም ጋሼ» አለችኝ ወደ አልጋው እያየች። «ይሰማሃል።»