የድብልብሏ በር

ልብስ ሰፊዋ አባቷን አንድ ቀን እንኳ ውሸታም ብላ አታውቅም። የእናቷ ወንድም ግን በእሷ ፈንታ ሳይታክት ብሎላታል። አባቷ «በጦርነቱ ጊዜ መካኒክ ነበርኩ፤ የድብልብሏን ሞተር የምጠግነው እኔ ነበርኩ» ይሉ ነበር። ድብልብሏ ያኔ ስንቅና ቁስለኛ ታመላልስ የነበረች ባለ ሁለት ሞተር የጭነት አውሮፕላን ናት፤ ስሙን ያወጡላት ሆዷን ያዩ ወታደሮች ናቸው። የአባትየው ማስረጃ ሳሎን የተሰቀለች የመዳፍ ስፋት ያላት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነበረች፦ ጃኬት የለበሰ ቀጭን ወጣት፣ በእጁ መፍቻ፣ ከኋላው በሯ የተከፈተ አውሮፕላን፣ ጅራቷ ላይ 8 ቁጥር።

አጎትየው በዚህች ፎቶ ያልቀለደው ቀልድ የለም። «የእህቴ ባል የጠገነው ሞተር ካለ የወሬ ሞተር ነው» ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ አባትየውም አብረው ይስቁና አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። ይባስ ብሎ እናቷም ፎቶዋን ወደዋት አያውቁም። «እኔ እንጃ፣ እሱን አይመስለኝም» ይላሉ። ያን ጊዜ አጎትየው «ሚስቱ እንኳ አላወቀችውም!» ብሎ ጭኑን ይመታል። እንዲህ ያለ ዘመድ ካለ ጠላት መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።

አባቷ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆነ። ዘንድሮ የዘማቾች ማኅበር የዘማቾቹን ፎቶ በአዳራሹ ግድግዳ ሊሰቅል ወሰነ። የማኅበሩ ጸሐፊ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጎትየው! እናቷ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። «ዓይኔ ሳይጠፋ እዚያ ተሰቅሎ ልየው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ። አጎትየው ጢሙን አሻሸና «እንግዲያው ብሎን ይፍረድ» አለ።

ጋሽ ብሎን አርባ ዓመት አውሮፕላን ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሥራ የጀመሩት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ አባቷን አያውቋቸውም፤ አውሮፕላኖቹን ግን እንደ ልጆቻቸው ያውቋቸዋል። ከየቤቱ ሳጥን የወጣ የጦርነት ፎቶ ሁሉ መጨረሻው እሳቸው መስኮት ሥር ያለው ጠረጴዛ ነው። ከአንድ ጎማ ወይም ከክንፍ ጫፍ ተነስተው የአውሮፕላኗን ዓይነትና አገር የገባችበትን ዓመት ይናገራሉ። ታዲያ አንድ ደንብ አላቸው፤ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው በወረቀት ይሸፍኑታል። «ሰው ያዘናጋል፤ ብረት አይዋሽም» ይላሉ።

የአባቷንም ፎቶ ሸፈኑት። እጀታው በፕላስተር የተጠመጠመ አጉሊ መነጽራቸውን አንስተው ብዙ ቆዩ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ይዛ ቆመች፤ አጎትየው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ የድብልብሏ የጭነት በር በግራ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የዚህችኛዋ በቀኝ ነው። ይህች ታናሽ እህቷ ናት። የገባችው ጦርነቱ ካለቀ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት፣ ጋሼ?»

«ብረት አይዋሽም አልኩሽ እኮ።»

«አላልኩም ነበር?» አለ አጎትየው።

ልብስ ሰፊዋ ቤት መሄድ አልቻለችም። እናቷን ምን ትበላቸው? ሱቋ ገብታ ፎቶዋን የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፋ፣ አንድ የደንበኛ ጃኬት ስባ የቁልፍ ቀዳዳ ቦታ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ጀመረች። የወንድ ስለሆነ በግራው በኩል። ሠላሳ ዓመት የሠራችው ሥራ ነው፤ እጇ ያለ እሷ ያውቀዋል። ቀና ስትል የአባቷን ጃኬት አየች።

የቁልፍ ቀዳዳው በቀኝ ነው። ቀኙ በግራው ላይ ተደርቧል፤ የደረት ኪሱም በቀኝ ነው።

«የሴት ጃኬት ለብሶ ነው እንዴ?» አለች ጮክ ብላ፣ ብቻዋን። ከዚያ ደነገጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ያቺን ፎቶ ስታይ የምታየው ፊታቸውን ብቻ ነበር፤ ናፍቆት ልብስ አያይም። የደንበኞች የእጅ መስታወት አንስታ ፎቶዋ ፊት ደቀነችው። ጃኬቱ የወንድ ሆነ። በሩ ወደ ግራ ዞረ። 8 ቁጥሩ እንደሆነ ዞረም አልዞረ ያው 8 ነው፤ ለዚህ ነው ማንም ያልነቃው። ያተመው ሰው ፊልሙን ገልብጦት ኖሯል!

ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ ሱቋን ሳትቆልፍ ሮጠች።

ጋሽ ብሎን በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወረቀት አዩ። መስታወቱን አዩ፣ ጃኬቱን አዩ፣ እንደገና መስታወቱን አዩ።

«የጅራቷ ጎማ ሲከነክነኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የታናሽየዋ መንታ ነው፤ ይሄ ነጠላ። በሩን አምኜ ጎማውን ዝም አሰኘሁት። ወረቀቴን ባነሳ ኖሮ አባትሽ ራሱ ይነግረኝ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። ድብልብሏ ናት!»

ይህንኑ ጽፈው ፈረሙ። አጎትየው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሦስተኛ ቢያነበውም አይለወጥለትም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ፎቶዋን ፎቶ ቤት ወስዳ በትክክለኛው ገጿ ትልቅ አድርጋ አሳተመቻት። በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ሞላ። መሰላሉ ላይ የወጣው አጎትየው ራሱ ነው፤ የጸሐፊ ሥራ ነው ተብሎ መዶሻው ተሰጠው። እናቷ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው እስከ ግድግዳው ቀረቡ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

ወጣቱ አሁን በቀኙ ፈንታ ግራ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ያያቸዋል፤ ቀልድ ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው።

«መጣህ?» አሉ እናቷ። እንባቸው ወረደ፤ ፊታቸው ግን በርቷል። ወደ ሰዉ ዞሩ። «ስድሳ ዓመት እሱን አይመስልም እያልኩ ስትስቁብኝ ኖራችኋል። ይሄ ነው የኔ ባል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ልብስ ሰፊዋ የምታጨበጭብበት እጅ አልነበራትም፤ በአንዱ እናቷን ደግፋ፣ በሌላው አፏን ይዛ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። አጎትየው ከመሰላሉ ሊወርድ አንድ እግሩን ሲያወርድ እናቷ ጣታቸውን ቀሰሩበት።

«የት ትሄዳለህ አንተ? ምስማሩን ደህና አድርገህ ምታው፤ ከዚህ አይወርድም።»