ራሱን የሚሞላው ሰዓት

ገበየሁ የጥርባ ሰው ነው። ዳንግላ ገብቶ በቀኛዝማች አድማሴ ቤት ሎሌ ሲሆን ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ ነበር፤ ከዚያ ቤት ሲወጣ ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል። በመካከሉ ያለውን ዕድሜ ቀኛዝማች በሉት ብል ሐሜት አይሆንብኝም። ፈረሳቸውን ሲጭን፣ አጥራቸውን ሲያጥር፣ እንጨታቸውን ሲፈልጥ ነው ያረጀው።

ከሥራው ሁሉ የሚወደው ግን ሰዓት መሙላቱን ነበር። ቀኛዝማች በጣሊያን ጊዜ ቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥይት መትቷቸው ደንዝዞ ቀርቷል። ግራ ክንዳቸው ላይ ደግሞ በዳንግላ አምሳያ የሌላት የወርቅ ኦሜጋ አለች፤ ቢጫ፣ ስስ፣ ሴት የመሰለች ሰዓት። በየጠዋቱ ካልተሞላች ቀጥ ትላለች። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ቀኛዝማች ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ገበየሁ ይንበረከክና ያችን ትንሽ መሙያ በሁለት ጣቱ ያሽከረክራል።

«ቀስ፤ አታስጨንቃት» ይሉታል።

ያን ጊዜ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ፈረሱም፣ ስለ ልጅነታቸውም ያጫውቱት ነበር። ገበየሁ ያቺን ጨዋታ ፍቅር አድርጎ ወሰዳት። ምን ያድርግ? ሌላ ጊዜ ስሙን እንኳ አስተካክለው አይጠሩትም።

ቃሉንም የሰጡት ሰዓቷ እየተሞላች ሳለ ነው። «ከባሕር ዛፉ በታች ያለችው ቦታ ያንተ ናት። ቤትህን ሥራባት። አንድ ቀን በሽማግሌ ፊት አስረክብሃለሁ» አሉት። ሠራባት። ሸጋ የምትባለው ሚስቱ በጓሮዋ ጌሾ ተከለች። ማስረከቢያው ግን ከፋሲካ ወደ መስቀል፣ ከመስቀል ወደ ጥምቀት ሲገፋ ኖረ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለዋለች ሸጋ።

«የቀኛዝማች ቃል ነው!» ይላታል እየተቆጣ።

በቀኛዝማች ቤት አንድ ወግ ነበር፤ ዳንግላም ያውቀዋል። ሎሌ የድካሙን የሚቀበለው በድግስ ቀን፣ በሽማግሌ ፊት ነው። ጌታ ይሰጣል፣ ሎሌ ጉልበት ይስማል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ጉልበት ከተሳመ ወዲያ «ይህ ቀረኝ» ማለት ነውር ነው፤ ቢሉትም የሚሰማ የለም።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቀኛዝማች አዲስ አበባ ወርደው ቆዩና ለኅዳር ሚካኤል ዝክራቸው ደረሱ። ዋዜማውን ገበየሁን ጠርተው «ነገ ንጹሕ ልበስ። ድካምህን በሽማግሌ ፊት እከፍልሃለሁ» አሉት። ገበየሁ እየሮጠ ቤቱ ገብቶ ለሸጋ ነገራት። ተርታ የማትጠግበው ሸጋ ያን ቀን አልተረተችም፤ ነጠላዋን አጠበች።

በዝክሩ ቀን ሰው ከበላና ከጠጣ በኋላ ቀኛዝማች እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ አዲስ ኦሜጋ አለች! አሮጌዋን ከኪሳቸው አወጡና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። እንግዳው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አዲሷ ደንደን ያለች ናት። ቀንም ትቆጥራለች፣ ውሃም አታስገባም። ከሁሉ የገረመው ግን የሚሞላት ሰው አትፈልግም፤ ክንድ በተወዛወዘ ቁጥር ራሷን በራሷ ትሞላለች።

«አሮጌዋ መልክ አላት፤ ይቺ ግን ጉልበት አላት» አለ የቀኛዝማች የእህት ልጅ ገብረ ማርያም፤ የአጎቱን ነገር ሳያደንቅ ውሎ የማያውቅ ሰው ነው።

መሪጌታው ጎንበስ ብለው የቀኗን መስኮት አዩና ሳቁ። «ጌታዬ፣ ዛሬ ዐሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው። ይቺ ሃያ አንድ ትላለች። ድግሱ የማርያም ነው ልትል ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀኛዝማችም «የፈረንጅ ቀን ነው፤ ትለምዳለች!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳይበርድ ወደ በሩ ዞሩ።

«ገበየሁ፣ ና እስቲ። የሰዓት ነገር የምታውቅ አንተ ነህ። የቷ ትሻላለች?»

ገበየሁ ቀረበ። አዲሷን አያት፤ እውነትም ታምራለች። አሮጌዋን ግን በለመደ ጣቱ ዳሰሳት፤ የዕድሜው ጠዋት ሁሉ እሷ ላይ አልቋል። «እኔስ አሮጌዋ ትሻለኛለች ጌታዬ» አለ።

«እንግዲያው ያንተ ናት! ለድካምህ መርቄሃለሁ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ገበየሁ ዕድሜውን ሙሉ ጌታ ሲናገር ጎንበስ ማለት የለመደ ወገብ ነው ያለው፤ ወገቡ ከሐሳቡ ቀደመ። ተንበርክኮ ጉልበት ሳመ። ሰዓቷን ምርቃት፣ ቦታዋን ዋና ስጦታ አድርጎ ነበር በልቡ የደለደለው። ሽማግሎቹ «ድካሙን ከፈሉት፤ እግዜር ይስጥዎ» ብለው መረቁ። ቀኛዝማችም ወደ ጠላቸው ተመለሱ።

ገበየሁ እዚያው ቆመ። ሸጋ ከሴቶቹ መካከል በዓይኗ ወጋችው።

«ጌታዬ... የቦታዋስ ነገር?»

ቀኛዝማች ከልባቸው ነው የተደነቁት። «ጉልበቴን ስመህ? አፈር ብትፈልግ ወርቅ ሰጠሁህ፤ የመረጥኸውም አንተ ነህ! ቦታዋንማ ለገብረ ማርያም አስቤያታለሁ።»

ተንኮል ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ቢሆን በወደድሁ፤ ተንኮለኛ ቢያንስ የበደለውን ያውቃል። ቀኛዝማች ግን ያን ቀን ቸርነት የሠሩ መስሏቸው ነው የተኙት።

በማግስቱ ገበየሁ እንደ ልማዱ ገብቶ ተንበረከከ። ቀኛዝማች ክንዳቸውን አልዘረጉም። «አሁንማ ራሷን ትሞላለች» አሉት።

ሎሌነቱም በዚያው ከሰመ። የቤቱን ማገርና እቃውን በጋሪ ጭኖ ወደ ጥርባ፣ ወደ ወንድሙ መሬት ተመለሰ። ጌሾው አይነቀል ነገር፣ ለገብረ ማርያም ቀረ። ወግ አዋቂ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ቢያመለክት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው መለሱት። ሰዓቷን ሊሸጥ ኢንጅባራ ገበያ ቢወጣ ነጋዴው ሰዓቷን ትቶ የተሰነጣጠቀ መዳፉን አየና «ከማን ሰረቅሃት?» አለው። ከዚያ ወዲያ ለገበያ አላወጣትም። በየጠዋቱ ግን ይሞላት ነበር፤ እጁ ለምዷል። ሸጋም ቲክ ቲክታዋን በሰማች ቁጥር «ይቺን እርጉም ከቤቴ አውጣልኝ» ትለዋለች።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከዳንግላ መልእክት መጣ፤ ቀኛዝማች ታመዋል፣ ይፈልጉሃል የሚል። ገበየሁ ሰዓቷን ክንዱ ላይ አስሮ ተነሣ። ሸጋ «ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ዕዳውን ያስባል» አለች፤ እሷም እንኳ ተስፋ አደረገች።

ቀኛዝማች ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ተኝተዋል። የማይወዛወዘው ክንዳቸው ላይ አዲሷ ኦሜጋ ቀጥ ብላለች።

«ገበየሁ፣ ቆመችብኝ» አሉ። «እነዚህ አያውቁበትም። ሙላልኝ።»

የተጠራው ለዚህ ነበር። ገበየሁ ያን ክንድ አንሥቶ እንደ ሕፃን እሹሩሩ ቀስ ብሎ ወዘወዘው፤ ሰዓቷ ነቃች። ቀኛዝማች ደስ አላቸው። «ምን ልስጥህ?»

ገበየሁ አሮጌዋን ከክንዱ ፈትቶ ትራሳቸው አጠገብ አኖራት። «ይቺን ይውሰዱና ጉልበት የሳምሁትን ይመልሱልኝ ጌታዬ።»

ማታ ጥርባ ሲደርስ ሸጋ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። ባዶ ክንዱን አየች።

«መለስህላቸው?»

«መለስሁላቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ድሮም ጨዋታ አዋቂ ነህ ብለው ሳቁ» አለ ገበየሁ።