ውሃው የት ደረሰ

ክረምት ገብቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት የቁሐር ሚካኤል ሰው ከሩዝ ማሳው የሚመለሰውን ጎረቤቱን ከሰላምታው አስቀድሞ "ውሃው የት ደረሰ?" ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት ወይም ወገብ ነው። ወገብ ከደረሰ ማንም ብቻውን አይገባም።

አያቴ ይህን ጥያቄ ለእኔ አመጡልኝ። ድባቴው ጸንቶብኝ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ወረታ በተከራየኋት ክፍል ተኝቼ ስውል ዘመዱ ሁሉ "ምን ጎድሎብሽ ነው?" ይለኛል፤ የባሰበትም "ወንዛዬ ሄደሽ ፍል ውሃውን ታጠቢ፣ ይለቅሻል" ይላል። እሳቸው ግን በገበያ ቀን ይመጡና ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው አልጋዬ ጫፍ ይቀመጣሉ።

"ልጄ፣ ዛሬስ የት ደረሰ?"

"ወገቤ ድረስ ነው፣ አባባ።"

"እንግዲያው ብቻሽን አትውዪም" ይሉና ገበያውን ትተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው እስኪመሽ አብረውኝ ይቀመጣሉ። ምክር የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

በጥር አረፉ። አሁን ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከብቱ የሩዙን ቃርሚያ ይለቅማል። የእኔ ውሃ ግን አልጎደለም። ዛሬ ጠዋት አከራዬ በመስኮት "ደህና አደርሽ?" አለችኝ። ምን ታድርግ፣ ሰው የሚጠይቀው እንዲህ ነው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳትና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አንገቴ ደርሷል፣ አባባ።