በፊታውራሪ ጓሮ የሠራነው ፏፏቴ

በፊታውራሪ ጓሮ ሥራ የጀመርነው መስከረም ላይ ነው፤ መሬቱ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ገና አልደረቀም። ያን ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ የደብር አጥርም ሆነ የመኳንንት ግንብ ያለ እኔ የሚቆም አይመስለኝም ነበር። የሥራው አለቃ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም፤ ቱንቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ገባሁ።

ሀብቶም የሚባል እንግዳ እዚያው ቆሞ አገኘሁ። ፊታውራሪ ወደ አስመራ ሄደው ከግንብ ላይ ወደ ኩሬ የሚወርድ ውኃ በአንድ ሰው ጓሮ አይተው ኖሮ፣ ግንበኛውን ይዘውት መጥተዋል።

"አለቃው እሱ ነው፤ አንተ ትረዳዋለህ። ቆፋሪዎቹ ከኽምጣና ሌላ ብዙ አይሰሙምና ታስተረጉምለታለህ" አሉኝ።

"እሺ ጌታዬ" አልኩ።

ያልቀናሁበት ነገር የለም። በመስታወት ውስጥ አረፋ በሚያሳየው የውኃ ልኩ ቀናሁ። ከቆረም በበቅሎ አስጭኖ ባመጣው ሲሚንቶ ቀናሁ። እመቤቲቱ በገዛ እጃቸው በሚያቀርቡለት ምሳ ቀናሁ፤ የእኔን በአሽከር ነበር የሚልኩት። ሰውየው ክፉ ቢሆን በቀለለኝ። እሱ ግን በትግርኛው ወንድሜ ሊል "ሓወይ፣ እስኪ አንተም እየው" እያለ ይጠይቀኛል።

ሥራው ከግቢው በላይ ያለውን ምንጭ በቦይ አውርዶ ከግንብ ጫፍ ማፍሰስ፣ ከሥር በኩሬ መቀበል፣ ትርፉን ወደ ጎመኑ መልቀቅ ነው። ኩሬው ክንድ ተኩል ተቆፍሮ ድንጋይ ይነጠፍበታል፤ ከዚያ በሲሚንቶ ይለሰናል።

በአራተኛው ቀን የቆፋሪዎቹ ታላቅ አያ ወልዴ ዶማቸውን ተደግፈው በኽምጣና ተናገሩ። "ይህ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግንቡንም ይሰነጥቀዋል። ጠጠር እስክናገኝ እንውረድ።"

ሀብቶም ወደ እኔ ዞረ። "ምን ይላሉ?"

"ይበቃል፣ ደከመን ነው የሚሉት" አልኩት።

"እውነታቸውን ነው" አለና ድንጋዩን አስነጠፈ። አያ ወልዴ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ድንጋይ መጥረቤን ቀጠልኩ።

ጥቅምት ላይ ውኃው ተለቀቀ። ሰዉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየ፤ ቀሳውስቱ ሳይቀሩ መጡ። ሁሉም ሀብቶምን ያመሰግናል። እኔ በጋው ቶሎ እንዲገባ ተመኘሁ።

የካቲት ላይ ምንጩ ሲቀንስ ኩሬው ከነግንቡ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ፊታውራሪ ሁላችንንም አስጠሩን። ሀብቶም "ጥፋቱ የእኔ ነው" ሲል፣ አያ ወልዴ በኽምጣና "እኔ ያኔውኑ ተናግሬ ነበር" አሉ። ፊታውራሪ የአገር ልጅ ናቸው፤ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

"ሲሳይ፣ ምን ብለህ ነገርከው?" አሉኝ።

መሸሸጊያ አልነበረኝም፤ ያልኩትን ነገርኳቸው።

ሀብቶም "ሓወይ፣ ምን በደልኩህ?" አለኝ። ምንም አልበደለኝም።

"ቱንቢህን አስቀምጥና ዶማ ያዝ" አሉኝ ፊታውራሪ። ከአያ ወልዴ ጎን ሆኜ ጠጠሩ እስኪገኝ ቆፈርኩ።

ግንቡ እንደገና ሲነሣ ሀብቶም ጠራኝ። ውኃው የሚወርድበትን የጫፍ ድንጋይ ገልብጦ፣ ከሥሩ በመሮ ጠባብ መስመር አወጣበት።

"ይህ ከሌለ ውኃው የድንጋዩን ሥር ተከትሎ ወደ ግንቡ ይመለሳል። በል ሞክረው" ብሎ መሮውን ሰጠኝ። ከዶማው ይልቅ ያ አመመኝ።

እሱ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በሠራኋቸው ግንቦች ሁሉ ያን መስመር አወጣሁ። በመስመሩም ዝና አገኘሁ። "ማን አስተማረህ?" ሲሉኝ "ራሴ ነኝ" እል ነበር። ሰውየው በሌለበትም ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ለወጣት ግንበኞች የምለው አጭር ነው። ቆፋሪ ስለ መሬት የነገራችሁን፣ ለማትወዱት ሰውም ቢሆን እንዳለ ንገሩ። መስመሩን ያስተማረኝ ሀብቶም ነው።