የልጄን የክርስትና ስም ፍለጋ ወደ ካዛንቺስ

እሑድ፣ ጥቅምት 2008፤ ንጋት 11፡40፣ ጀሞ

ልጄ ሜሮን ተኝታለች። ነጠላዬን ደርቤ ከአራተኛ ፎቅ በደረጃው ወረድኩ። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ታክሲ ተራው ላይ ሦስት ሴቶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ረዳቱ ገና ድምፁ አልተከፈተለትም።

የምሄደው ካዛንቺስ ነው፣ የድሮ ሰፈሬ። የምሄድበትን ምክንያት መናገር ያሳፍረኛል። ባለፈው ሳምንት ሜሮን ልትቆርብ አስባ፣ “እማ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?” አለችኝ። “ወለተ…” ብዬ ቀረሁ። እሷም ረስታዋለች፤ ወረቀቱም ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። ስሙን የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ክርስትና ያነሷት እትዬ አስካለ። እሳቸውን ካየሁ ደግሞ ዓመታት ሆኑኝ።

1፡10፣ ሜክሲኮ

እዚህ ታክሲ ቀየርኩና ጋቢና ገባሁ። አዲሱ ባቡር ከላያችን ያልፋል፤ ሰዉ አሁንም አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል። ሾፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው።

“ካዛንቺስ የት ጋ ነሽ?”

“ከኡራኤል ወረድ ብሎ። ድሮ ነው እንጂ አሁን ጀሞ ነኝ።”

“የፈረሰው ጋ? እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። በቃ፣ ሳልፍ የቤታችንን ቦታ ለመለየት ቀስ እላለሁ፤ ከኋላዬ ክላክስ ያደርጉብኛል።”

“ለየኸው?”

“አንድ ዛፍ አለ። ዛፉም የእኛ መሆኑን እንጃ።”

1፡45፣ ካዛንቺስ

የኖርኩበት ግቢ በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀዳዳው አየሁ፤ ጉድጓድ ነው፣ ውኃ ያቆረ። ከዚያ ወዲያ ግን ቤተ ክርስቲያናችን እንዳለ ነው።

እዚህ የመጣሁት በ1990 ነው፣ ከወሊሶ፣ በታይፒስትነት ተቀጥሬ። ሜሮንን ስወልድ አባቷ ጥሎኝ ሄዶ ነበር፤ በከተማው ዘመድ የሚባል የለኝም። በሰማንያ ቀኗ ታቅፌያት ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን መጣሁ። ቄሱ፣ “ክርስትና እናቷ የታለች?” አሉ። አንድ ጊዜ ደግመው ጠየቁ። ከሴቶቹ መሃል አንዲት ረዘም ያሉ ሴት ወጡና፣ “እኔ አለሁ። ልጅቷን ስጪኝ” አሉ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

በዚያው አበልጄ ሆኑ። በየእሑዱ በሴቶቹ በኩል ከጎናቸው ቦታ ይዘው ይጠብቁኛል፤ ሌላ ሰው ሊቆም ሲል፣ “የጥሩወርቅ ነው” ይላሉ። ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበቴው ቤት ዳቦና ንፍሮ እንበላለን። አንድ ሰንበት ስታመም አምስት ሴቶች ቤቴ መጥተው ልብሴን ሳይቀር አጠቡልኝ። አገርሽ የት ነው ሲሉኝ የቤተ ክርስቲያኑን ስም መጥራት ጀምሬ ነበር።

በ2002 ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ጀሞ ገባሁ። መጀመሪያ በየሳምንቱ እመጣ ነበር። ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ ለበዓል። ከዚያ ስቀር አፈርኩ፤ እፍረቱ ደግሞ በተራው አላስመጣ አለኝ።

3፡30፣ ቅጥር ግቢው

ቅዳሴውን እንደ እንግዳ በሩ አካባቢ ቆሜ አስቀደስኩ። የድሮ ቦታዬ ላይ አንዲት ወጣት ሕፃን አዝላ ቆማለች። ስንወጣ ከሰንበቴው ሴቶች አንዷ አወቁኝ።

“ጥሩወርቅ አይደለሽም? ሰው እንዲህ ይጠፋል?”

“ጠፋሁ እማማ። እትዬ አስካለስ?”

“ጉልበቷ እምቢ አላት። ቤቷም ፈረሰ፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ናት፣ ምድር ላይ። ዛሬውኑ ሂጂ።”

ለምን ዛሬውኑ እንዳሉኝ አልጠየቅኩም።

4፡50፣ ጎተራ

በሩን የከፈተችልኝ ጎረቤት ናት። እትዬ አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግድግዳው ሥር ሁለት ትልልቅ ማዳበሪያ ታስሮ ቆሟል። ዓይናቸው ደክሟል።

“ማን ናት?”

“ጥሩወርቅ ነኝ፣ እትዬ።”

ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። “ልጄስ?”

“ደህና ናት። ልትቆርብ ነው። እትዬ… ይቅር ይበሉኝና፣ ስሟ ጠፋኝ።”

“ወለተ ሥላሴ” አሉ ወዲያው። “ጠዋት ጠዋት በጸሎት ስጠራት አይደል የኖርኩት?”

ስልኬን አውጥቼ ሜሮን ጋ ደወልኩላቸው። ሁለቱ ሲያወሩ እኔ መስኮቱን አያለሁ። ሲጨርሱ ስልኩን መለሱልኝና፣ “ጀሞ መጥቼ ነበር እኮ” አሉ።

“መቼ?”

“አምና፣ የሰንበቴ ዳቦ ይዤ። ሕንጻው ሁሉ አንድ ነው። ጥሩወርቅ፣ የሜሮን እናት እያልኩ ስዞር ዋልኩ። የሚያውቅሽ አጣሁ። ዳቦውን ለአንድ ዘበኛ ሰጥቼ ተመለስኩ።”

አጠገባቸው አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

“ባለመምጣትሽ አልተቀየምኩም” አሉ። “ያዘንኩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ እንኳ የሚያውቅሽ በማጣቴ ነው።”

ነገ ጠዋት ወንድማቸው ምንጃር ይወስዳቸዋል፤ ማዳበሪያው ለዚያ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት አብሬያቸው ቆየሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

10፡15፣ ጀሞ

ከታክሲ ወርጄ በሩ ጋ ስደርስ ዘበኛው እንደ ወትሮው ራሱን ነቅንቆ አሳለፈኝ። አልፌው ሄጄ ተመለስኩ።

“አምና አንዲት እናት ዳቦ ሰጥተውህ ነበር?”

“አዎ፣ ትልቅ ሰው። ሰው ፈልገው አጥተው። ያውቋቸዋል?”

“እኔን ነበር የፈለጉት።”

ከዱካው ተነሳና፣ “ማን ልበል ስምዎን?” አለኝ።

ነገርኩት። የእሱንም ጠየቅኩት።