ትርሲት ያልሰማችው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ወዳለ የጆሮ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማው ድረስ ታስጮኺዋለሽ ብላ ስትነዘንዘኝ ከርማለች። አንዲት ለግላጋ ነርስ ከመስታወት ወዲያ ተቀምጣ በማዳመጫው ውስጥ ቀጭን ድምፅ፣ ከዚያ ወፈር ያለ፣ ከዚያ ደግሞ ክር የመሰለ ድምፅ ትልክልኛለች። «ሲሰማዎት እጅዎን ያንሡ፣ እማማ» ብላኛለች። አራት አምስት ጊዜ አነሣሁ። ከዚያ በኋላ እጄ ጭኔ ላይ ቀረ። ነርሷ ደንግጣ ብቅ አለች።

«አመመዎት እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ድምፁን ድሮ አውቀው ስለነበር ነው» አልኳት።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ዘመኑ ደርግ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ገርጂ በኩል ያለው፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሜዳ የጤፍ ማሳ ነበር። ከማሳው መካከል ረጃጅም ምሰሶዎች ቆመው፣ በምሰሶዎቹ መካከል ሽቦ ተወጥሮ፣ ከሥሩ አንድ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነበር። የሬዲዮ መቀበያ ጣቢያችን እሱ ነው። በክረምት እስከ ቁርጭምጭሚታችን ጭቃ እየረገጥን፣ በጥቅምት ደግሞ ጤፉ ሲያዘነብል እያየን በእግር እንሄዳለን። ጠዋት ጠዋት የእርጥብ ሣር ሽታ ልብሳችን ላይ አብሮን ይገባል።

ሥራችን እንዲህ ነው። በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ጣቢያዎች የአካባቢያቸውን የአየር ጠባይ በሬዲዮ ቴሌታይፕ ይልካሉ፤ እኛ ተቀብለን ወረቀት ላይ እያተምን ለአብራሪዎች እናደርሳለን። መልእክቱ የሚመጣው በሁለት ድምፆች ነው፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። መቀበያው ሁለቱንም በየቦታቸው መያዝ አለበት። ሞገዱ በሃምሳ ሳይክል፣ በጥቂቱ እንኳ፣ ከተንሸራተተ ማተሚያው ዝም አይልም፤ ያብዳል። የነፋሱ ቁጥር ፊደል ይሆናል፣ ፊደሉ ሰረዝ ይሆናል፣ ደወሉ ያለ ምክንያት ይጮሃል። የክፍለ ሀገሮቹ ማሰራጫዎች ደግሞ አሮጌዎች ናቸው፤ እየሞቁ ሲሄዱ ፍሪኩዌንሲያቸው ይሸሻል። አንድ ጊዜ ይዞ መቀመጥ የለም፤ በጣት እየተከተሉ መሄድ ነው።

ይህን ያስተማሩን ጋሽ ተሰማ ነበሩ፤ የጣቢያው ኃላፊ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ኮታቸው በክርኑ ላይ የተጣፈ። ከእያንዳንዱ መቀበያ ጎን አንዲት ትንሽ ክብ መስታወት አለች። ጣቢያው በልኩ ሲያዝ በእሷ ላይ ሁለት አረንጓዴ መስመሮች ተሻግረው መስቀል ይሠራሉ፤ ሲዛባ ይንጋደዳሉ። «መስቀሉን አቁሙት» ይሉናል ጋሽ ተሰማ። ካድሬው ለጉብኝት የመጣ ዕለት ደግሞ ፊታቸው ሳይፈታ «የመደመር ምልክቱን አቁሙት» ይላሉ። እኔ ሙስሊሟ መስቀል ሳቆም እውላለሁ እያልኩ ትርሲትን አስቃት ነበር።

ትርሲት የጠረጴዛ ጓደኛዬ ናት። እኔ ከወሎ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ እሷ የጎጃም ቄስ ልጅ። ሥጋ አንድ ላይ ስለማንበላ በሌሎቹ ቀናት ምሳችንን ለየብቻ እንፈታለን፤ ረቡዕና ዓርብ ግን በጾሙ ሰበብ የሁለታችንም ምስር ወይም ሽሮ ስለሆነ ከአንድ ሳህን እንበላለን። በአንዱ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከማሳው ዳር ተቀምጠን ሳለ ነገረችኝ። በልጅነቷ በያዛት ትኩሳት አንዱ ጆሮዋ ጨርሶ ጠፍቷል። በሌላውም ቢሆን ቀጭን ድምፅ አይገባም።

«ያን ቀጭኑን ሰምቼው አላውቅም፣ ዘሃራ» አለችኝ።

«ታዲያ እንዴት ነው የምትሠሪው?»

«በዓይኔ ነዋ። መስቀሉን አይቼ።»

ከዚያ ወዲያ መስታወቷ ሲደበዝዝባት ከጠረጴዛው ሥር በእግሬ እረዳት ጀመር። አንድ ጊዜ ነካ ካደረግኋት የመቀበያውን ቁልፍ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ወደ ግራ ታዞራለች።

የሥልጠናው መጨረሻ ሲደርስ የኮከብ ሠራተኛ ውድድር ተባለ። ስድስት ሠልጣኞች ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በየራሳቸው መቀበያ ያንኑ ስድስት ጣቢያ በተራ ይቀበላሉ፤ የተሳሳተ ፊደል ሁሉ ይቆጠራል። አንደኛ የወጣው አዲስ አበባ ይቀራል፤ አምስቱ ክፍለ ሀገር ይመደባሉ።

አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል፤ አዲስ አበባ ካልሆነ ቤት ነው። ለትርሲት ደግሞ ክፍለ ሀገር ማለት መባረር ነበር። እዚያ ያሉት መቀበያዎች መስታወት የላቸውም፤ ሥራው በማዳመጫ ብቻ ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን አንሥተን አላወራንበትም። በዚያ ሳምንት ስንሄድ ስንመለስ የምናወራው ስለ ጫማ ብቻ ነበር።

የውድድሩ ዕለት ዓርብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣቢያዎች በሰላም አለፉ። ሦስተኛው ሲጀምር የትርሲት መስታወት አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ለጋሽ ተሰማ ብትናገር «በጆሮሽ ቀጥዪ» ነው የሚሏት። ማተሚያዋ መንገዳገድ ጀመረ፤ ደወሉ ጮኸ።

ያኔ ያሰብኩትን ብደብቅ ውሸት ይሆናል። «ተገላገልኩ» ብዬ ነበር ያሰብኩት። ትንፋሽ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ቢሆንም አስቤዋለሁ። ከዚያ እግሬ ራሱ ሄደና አንድ ጊዜ ነካ አደረጋት። ወደ ቀኝ አዞረች፤ ቁጥሮቹ ቦታቸውን ያዙ።

እንዲህ እያልን ሁለት ጣቢያ ተሻገርን። ከመጨረሻው በፊት ባለው ላይ ግን ዓይኔ የእሷ ወረቀት ላይ ሆኖ የራሴ ጣቢያ አመለጠኝ። ሁለት መስመር ሙሉ ተዝረከረከ። ትርሲት አየችው። እግሯን ከወንበሯ ሥር ሰበሰበችና «የራስሽን ያዢ» አለችኝ በሹክሹክታ። ደግሜ ብፈልጋት እግሯ የለም።

ዞር ብዬ ሳያት ግራ እጇን በማተሚያው ክዳን ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በቀኝ እጇ ቁልፉን በጣም በዝግታ ታዞራለች። ማሽኑ ልክ ሲጽፍና ሲሳሳት ለመዳፍ አንድ አይደለም፤ ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ። የመጨረሻውን ጣቢያ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደዚያ ሆና ጨረሰችው። በዚያ ጣቢያ ወረቀቷ ላይ አንድም ስሕተት አልነበረም።

ትርሲት አንደኛ ወጣች። እኔ በአሥራ አንድ ፊደል ተበልጬ ሁለተኛ ሆንኩ።

ደስ አላለኝም። ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ሳህኗን ይዛ ስትመጣ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ቆማ ቆማ ተመለሰች። ትንሽ ቆይተው ጋሽ ተሰማ መጡ።

«እግርሽን አይቻለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ፊደል ስቆጥር እናንተ የተረዳዳችሁበትን ከሁለታችሁም አውጥቼዋለሁ። ብቻዋን በሠራችው በልጣሻለች። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር በመዳፉ ጣቢያ የሚይዝ ሰው አላየሁም።»

«ጆሮዋንስ ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። መስታወቱን ሰኞ እቀይርላታለሁ። አሁን ያንቺን ንገሪኝ፤ የት ልመድብሽ?»

«የትም። አባቴ አይለቀኝም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። አባቴ በአክብሮት አስቀመጣቸው፤ ቃሉን ግን አላለሰለሰም። «ልጄን ለማላውቀው አገር አልሰጥም፣ አቶ ተሰማ።»

«የሚያውቁት አገር ቢሆንስ?»

«የትኛው ነው እሱ?»

«ኮምቦልቻ።»

የአባቴ እኅት ያለችው እዚያ ነው። ይህን ለጋሽ ተሰማ ማን እንደነገራቸው ጠፍቶኝ እናቴን አየኋት፤ እሷም እኔን ታያለች። ኋላ እንደሰማሁት ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ተሰማ ቤት ድረስ ሄዳ ስለ አክስቴ የነገረቻቸው ትርሲት ናት። አባቴ ጺሙን ሲያሻሽ ቆየና «ከሥራ በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» አለ። እናቴ ቀስ ብላ ተነፈሰች። አባቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጠየቀ እሺ ብሏል ማለት ነው።

የሄድኩ ዕለት ትርሲት አውቶቡስ ተራ መጣች። ከውድድሩ ወዲህ አላናገርኳትም ነበር። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ መስኮቱ ሥር ቆመች።

«ሄጄ የጆሮዬን እውነት ለበላዮቹ ልናገር? ቦታው ይመለስልሽ» አለችኝ።

ዓይኗን አየሁት፤ ከልቧ ነው። «እንዳትናገሪ!» አልኳት። ሞተሩ ስለተነሣ የሰማችኝ አልመሰለኝም፤ ከንፈሬን ግን አየች።

ኮምቦልቻ አምስት ዓመት ሠራሁ። የኔ ተራ አሁን መላክ ነበር፤ የኮምቦልቻን ጣቢያ የምትቀበለው ደግሞ ትርሲት። ሌሎቹ ማሰራጫቸውን ልክ በሰዓቱ ከፍተው እየሸሸ ይልካሉ። እኔ ከአክስቴ ቤት ማልጄ እወጣና አንድ ሰዓት ቀድሜ እከፍታለሁ። እስኪሞቅ ጠብቄ፣ በመለኪያ ፈትሼ፣ አንድ ሳይክል እንኳ ዝንፍ እንዳይል አስተካክዬ ነው የመጀመሪያዋን ፊደል የምልከው። የቦርከና ወንዝ ጉም ገና ከሜዳው ሳይነሣ፣ ብርድ ጣቴን እየቆረጠው ማለት ነው። ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ለማንም አልተናገርኩም። በደብዳቤያችን ስለ ሠርግ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና ጻፍን እንጂ እሱን አንሥቼ አላውቅም።

መንግሥቱም ተለወጠ፣ ማሽኖቹም ተነቀሉ። እኔ ዛሬ ሰሚት ነኝ፤ ትርሲት ገርጂ ናት፣ ጡረታ እስክትወጣ ከዚያው መሥሪያ ቤት አልወጣችም። አሁን ሁለቱም ጆሮዎቿ ዘግተዋል፤ የምናወራው ከንፈሬን እያየች ነው። ከክሊኒኩ ስወጣ ልጄን ወደ እሷ አድርሺኝ አልኳት። በረንዳዋ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋት።

«ኮምቦልቻ ሳለሁ፣ የኔ ጣቢያ ከሌላው ይለይብሽ ነበር?»

ትርሲት ሳቀች። ዛሬ ጥርሷ ጥቂት ቢሆንም ሳቋ ያው ነው።

«በቀን ሃያ ጣቢያ ስከተል እውላለሁ፤ ጣቴ ከቁልፉ አይወርድም» አለች። «ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ሻይ አስቀዳለሁ። ሻዬን የምጠጣው በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር።»

በዕድሜዬ የምስክር ወረቀትም ሜዳልያም ተሰጥቶኛል፤ የት እንዳስቀመጥኳቸው እንኳ አላስታውስም። ለሰው የሠራሁት ነገር ሁሉ የት እንደደረሰ የማወቅ ዕድልም አላገኘሁም፤ ማንስ ያገኛል? አንዱን ግን አውቄያለሁ። በደጉም በክፉውም ቀን፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ትርሲት እጇን አሳርፋ ሻይዋን ሳይቀዘቅዝ ጠጥታለች።